የቁጥር ሠላሳ አንድ ቦታ

ይድረስ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ለሚገኘው ለወንድሜ ለጋሼ ዘርአ ዳዊት ገብረ ሕይወት።

ጋሼዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እህልስ ይዋጥልሃል? ለመስቀል ከዚያ የመጣው ነጋዴ «ወንድማችሁ ከስቷል» ብሎ ቢያወራ፣ እማማ ሳምንቱን ሙሉ በገባች በወጣች ቁጥር «ልጄን ማን ያጎርሰዋል» ስትል ሰነበተች። እኔማ ሰውዬውን «አንተ ራስህ ከወፈርክ ወዲህ ሁሉም ሰው የከሳ ይመስልሃል» ብዬ ሸኘሁት። ደግሞ ይህን ደብዳቤ በአንቱታ ጀምሬው ነበር፤ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆነሃልና ክብርህን ልጠብቅ ብዬ። ሁለት መስመር ሳልዘልቅ ስትስቅብኝ ታየኝና ወረቀቱን ቀድጄ እንደ ዱሮዬ አንተ አልኩህ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው፣ እማማ ደህና ናት፣ ትንሿ እኅታችን በሰለች ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ዘንድሮ ግን የምነግርህ አለኝ፤ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከኔው ስማው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ከሥራዬ ተባርሬ ነበር፤ የተመለስኩት በመከራ ነው። የተመለስኩበትም መንገድ አባባን ያሳፈረ፣ አንኮበርን ያስወራ ነው። እንግዲህ ረጋ ብለህ አንብበው፣ እኔም ረጋ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ከገባሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የምሠራው ከጠባሴ ዝቅ ብሎ ባለው በአቶ ወልደተንሣኤ የሱፍ ፈትል ቤት መሆኑን ጽፌልሃለሁ። ከገጠር የሚመጣው የበግ ጠጉር በሬሳ በሚባለው ወንዝ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በማሽን ይነደፍና ይፈተላል፤ ክሩ ለብርድ ልብስ አዲስ አበባ ይሄዳል። አርባ ያህል ሰዎች ነን። ማሽኑ ላይ የምንቆመው ሴቶች ነን፤ ሸክሙና ጭነቱ የወንዶች ነው። የሚያሠራን ካቦ ይሁኔ ይባላል። ካቦ ይሁኔ ስም ጠርቶ አያውቅም። ለእያንዳንዳችን አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው የቆርቆሮ ቁጥር ሰጥቶናል፤ እኔ ሠላሳ አንድ ነኝ። «ሠላሳ አንድ፣ እጅሽ ተኛ!» «ሠላሳ አንድ፣ ክር ተበጠሰ!» ይህ ነው ጥሪው። ዳዊት መድገሜን፣ እንደ ወንድ ልጅ አባባ እግር ሥር ቁጭ ብዬ መማሬን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ከፋሲካ በኋላ ብዙ ክር ይፈለጋል ተባለና እሑዳችን ተወሰደ። ጠዋት ሳይነጋጋ እንገባለን፣ ሊመሽ ሲል እንወጣለን። በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ለሽንት የምትወጣ ሴት ካቦውን ማስፈቀድ አለባት፣ እሱም እስኪፈቅድ ድረስ ሲንጠባረር ቀኑ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ቤት ገብቼ ጋደም ስል ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ ይዞራል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ቀጥሎ ምግብ አስጠላኝ። ቀጥሎ ደግሞ ምክንያት የሌለው ልቅሶ መጣ፤ ክር እየቀጠልኩ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። አጠገቤ የምትቆመው ለተጊዮርጊስ «ማን ሞተብሽ?» ብላ ብትጠይቀኝ ጎንበስ ብዬ ክሬን ቀጠልኩ። የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር ልቤ ድው ድው ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ቤታችን ያስተማረን ይህንኑ አይደል?

በሰኔ አንድ ሰኞ ቀን ማሽኑ ፊት ቆሜ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ክሩ ተበጥሶ ይርገፈገፋል፣ ካቦው «ሠላሳ አንድ!» እያለ ይጮኻል፤ አየዋለሁ፣ እሰማዋለሁ፣ እጄ ግን አይነሣም። ለምሳ በሩ ሲከፈት ወጣሁና በሬሳ ወንዝ ዳር ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ ደመቀች ፈልገው እስኪያገኙኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ። አንድ ቃል አልጠየቁኝም፣ ምስጋና ይግባቸው። ጋቢያቸውን ደረቡልኝና በማግስቱ የወንድማቸውን በቅሎ ለምነው አንኮበር አደረሱኝ። ለጎረቤት ሆዷን አሟት ነው ብለው አወሩ።

አባባ ሲያዩኝ ወዲያው ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ ፊታቸው አመድ ሆነ። በነጋታው ጠበል አስገቡኝ። ሁለት ሰባት ተብሎ ከተጀመረ አሥራ አራቱ ቀን ሳይሞላ አይወጣም። እኔ ግን «ሥራዬስ?» እያልኩ አለቀስኩ። አባባን ጭንቅ አላላቸውም። ጋሼ፣ ያደረጉትን ብትሰማ አትደነቅም፣ የካህን ቤት ልጅ ነህና። ሰሞነኛ ሲታመም ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ገብቶ ሰሞኑን ይይዝለታል፤ ቅዳሴው አይታጎልም፣ ለምን አንተ መጣህ የሚለውም የለም። አባባም በዚሁ ደንብ በሰለችን ጠርተው «የእኅትሽ ሰሞን እንዳይጎድል ሂጂና ቁሚላት» አሏት። እማማ ስንቅ ቋጠረችላት። እኔ የቆርቆሮ ቁጥሬን ከአንገቴ አውልቄ አጠለቅሁላትና ክር እንዴት እንደሚቀጠል በእማማ እንዝርት አሳየኋት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንዳችንም ክፉ ነገር የሠራን አልመሰለንም። እንዲያውም ኮርተን ነበር፤ አቶ ወልደተንሣኤን ከሁለት ቀን በላይ አላጎደልንባቸውም ብለን።

በሰለች እኔን አትመስልም፤ እኔ ረጅም ቀጭን፣ እሷ አጠር ደልደል ያለች። ካቦ ይሁኔ ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አላወቃትም። የሚያየው ቆርቆሮውን ነዋ! ሴቶቹ አውቀው ዝም አሉ፤ በእነሱም ዘንድ እኅት ለእኅቷ መቆሟ ነውር አይደለም። ይባስ ብሎ የእሷ እጅ ከኔ ይፈጥናልና አንድ ቀን «ሠላሳ አንድ፣ ዛሬስ ሰው ሆንሽ» ብሎ አመስግኗታል። አራት ዓመት ለፍቼ ያላገኘሁትን ምስጋና በሳምንቷ አገኘችው፣ ወይ ጉድ!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሳሙና ዕደላ ሆነ። የሱፉ ቅባት እጅ ላይ ስለሚቀር በየወሩ አንዳንድ ሳሙና ይሰጠናል፣ የተቀበለ ይፈርማል። እኔ ሁልጊዜ ስሜን አሳምሬ እጽፋለሁ። በሰለች ደግሞ ፊደል ጠልታ እንደቀረች ታውቃለህ፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ጫነችው። ጸሐፊው መዝገቡን አየ፣ ጣቷን አየ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ።

እኔ በዚያን ጊዜ ተሽሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መጠመቁ፣ ጸጥ ብሎ መዋሉ፣ የሚጮኽብኝ ሳይኖር መተኛቴ እንቅልፌን መልሶልኛል፤ ሰውነቴም ቀለል ብሎኛል። በሰለች እያለቀሰች ስትገባ ነው ነገሩን የሰማሁት። ቀኔን ጨርሼ ደብረ ብርሃን ስደርስ ካቦው በር ላይ ቆሞ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ሥራዋን ጥላ የጠፋች፣ ሌላ ሰው አስገብታም አሠሪዋን ያታለለች» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘች ሴት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌላ የሚቀጥራት የለም። አንኮበር ተመልሼ ባል ሊፈለግልኝ ነው ማለት ነው። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ከዚያ ግን ተናደድኩ፤ ከልቤ ተናደድኩ፣ ጋሼ። ንዴት አንዳንዴ ደግ ነገር ነው፣ ከተኛሁበት አነሣኝ።

የሠራተኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ብርሃነ መስቀል የሚባል ሱፍ መዛኝ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ሲናገርም አይቸኩልም። ከሦስት ዓመት በፊት በወጣው አዋጅ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል ከተባለ ወዲህ ነጋሪት ጋዜጣውን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ደግሞ ከፍርድ ቤት ጸሐፊ ተውሶ አመጣና ወይዘሮ ደመቀች ቤት ቁጭ ብለን አነበብነው። እንዲህ አለኝ፦ «ሕጉ ሠራተኛ ሥራውን ራሱ ይሥራ ነው የሚለው። በዚህ በኩል አጥፍታችኋል፣ ሰሞን ብሎ ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ታሞ የቀረውን ግን ሥራ ጥሎ ከጠፋው ጋር አንድ አያደርገውም። መታመምሽን ሐኪም ካረጋገጠልሽ የእኅትሽ መቆም ተንኮል ሳይሆን አለማወቅ ይሆናል።» ከዚያ መጽሐፉን አጠፈና ምን ነበር ያመመሽ ብሎ ጠየቀኝ። ሆዴን ልለው ነበር፣ ግን ዓይኑን አይቼ መዋሸት አቃተኝ። ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልሸሸም፤ ራሱን ነቀነቀና ስለ ወልደሩፋኤል አነሣልኝ።

ወልደሩፋኤል ጫኝ ነው። አምና በጥቅምት ከመኪና ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሁለት ወር ተኛ። ቦታው ጠበቀው። አቶ ወልደተንሣኤ ራሳቸው ሙክት አስይዘው ቤቱ ድረስ ጠየቁት፤ ሲመለስም ቀላል ሥራ ሰጡት። ደግ አደረጉ። «እንግዲህ እኔ ባነበብኩት ውስጥ የወንድ ሕመም፣ የሴት ሕመም፣ የእግር ሕመም፣ የመንፈስ ሕመም ተብሎ ለብቻ ለብቻ የተጻፈ አላየሁም» አለኝ ብርሃነ መስቀል። በወረቀት እንዲህ ነው። በሰው አፍ ግን ሌላ ነው፤ እግሩ የተሰበረውን ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል፣ መንፈሱ የታመመውን ሁሉ ይሸሸዋል። ሴት ስትሆን ደግሞ መታመሟም ቀርቶ አመሏ ነው ይባላል።

አባባ ይህን ሲሰሙ በከዘራ እየተደገፉ ደብረ ብርሃን ድረስ መጡ። «የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ አብዳ ነበር ሊባል ነው? በሰለችንስ ማን ያገባታል?» አሉ። ከዚያ መላ አመጡ። በክሊኒክ ቁስል የሚያጥብ የሚያውቁት ድሬሰር አለ፣ ወባ ነበረባት ብሎ ይጽፍልሻል አሉኝ። ወባ! ይህን ቃል ከአባባ አፍ ስሰማ ምን እንደሆንኩ ኋላ እነግርሃለሁ። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፤ እኔም ሦስት ቀን ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። እሱን ባቀርብ ማንም አያፍርም፣ እኔም ቦታዬን አገኛለሁ። ግን እንደገና ቢያመኝስ? እንደገና ወባ ልል ነው? በአራተኛው ቀን ማንንም ሳላማክር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ እንቅልፌን ጠየቀኝ፣ ምግቤን ጠየቀኝ፣ ስንት ሰዓት እንደምሠራም ጠየቀኝ። ይህን የመጨረሻውን ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እዚያው አለቀስኩ። «ከብዙ ድካምና ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ የመንፈስ ሕመም፤ አሁን ድናለች፣ መሥራት ትችላለች» ብሎ ጻፈልኝ።

ጉዳዩ የታየው በጥቅምት ነው። የሠራተኛ ነገር የሚመለከት ሹም ከአዲስ አበባ መጥቶ ማዘጋጃ ቤት ተቀመጠ። አቶ ወልደተንሣኤ ካባቸውን ደርበው፣ ካቦ ይሁኔ መዝገቡን ታቅፎ፣ አባባ ጥምጥማቸውን አሳምረው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ሁለት ወረቀት ቋጥሬያለሁ፤ አንደኛው የድሬሰሩ፣ ሁለተኛው የሐኪሙ። ሹሙ ምን ነበር ያመመሽ ሲለኝ አባባን አየኋቸው። ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር። ጋሼ፣ አባባ ማንንም ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። የሐኪሙን ወረቀት ግን ፈትቼ ለሹሙ ሰጠሁት።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። እንቅልፉን፣ ልቅሶውን፣ የተቆለፈውን በር፣ የተወሰደውን እሑድ፣ እጄ አልታዘዝ ያለኝን ቀን። ካቦ ይሁኔ ሳቀና «ጌታዬ፣ እብድ ነኝ እያለች እኮ ነው! እብድ ማሽን ላይ ላቁም?» አለ። ሰው ሁሉ ጉርምርም አለ። እኔም «ወልደሩፋኤል ሲሰበር አንካሳ ብለህ አላባረርከውም፤ ታክሞ ዳነ፣ መጣ። እኔም ታክሜ ድኛለሁ፣ መጥቻለሁ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሹሙ ወደ ካቦው ዞሮ «ስሟ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀው። ካቦው ሠላሳ አንድ አለ። «ስሟን ነው የጠየቅሁህ» ሲለው መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። በሰለችን አስጠርቶ ደግሞ አጠገቤ አቆማትና «እነዚህን ሁለት ሴቶች ነው አሥራ አንድ ቀን ያልለየኻቸው?» አለው። በሰለችን ታውቃታለህ፣ አፏን አትይዝም፤ «ኧረ እንዲያውም ሰው ሆንሽ ብሎኛል!» ብላ አረፈችው። ሹሙ ሳይቀር ሳቀ። አቶ ወልደተንሣኤ ግን አልሳቁም፤ እሳቸው ያፈሩት በካቦው ይመስለኛል። በዚህ መኻል አባባ ተነሡ። እኔን የሚያወግዙ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ ግን ስለ ሰሞን ደንብ ቀስ ብለው ለሹሙ አስረዱና «ትንሿን የላክሁ እኔ ነኝ፤ ልጆቼ አታላይ አይደሉም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። ስለ ሕመሜ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። በቦታዋ ሌላ ሰው በማቆሟ ትገሠጽ፣ የታመመችበት ቀን ግን ሥራ እንደ መተው አይቆጠርባት፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ አለ። ስለ እሑዱና ስለ በሩም ሹሙ ከአቶ ወልደተንሣኤ ጋር ለብቻ ተነጋገረ፤ አሁን እሑድ እናርፋለን፣ በሩም አይቆለፍም። ለሦስት ወር ከማሽኑ ወርጄ በሬሳ ወንዝ ዳር ሱፍ እንዳጥብ ተደርጓል። የኅዳር ውርጭ ጣቴን ያደነዝዘዋል፣ ግን ፀሐይ አያለሁ፣ ማታም እተኛለሁ። ካቦ ይሁኔ የሁላችንንም ስም በከሰል ከየማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ጽፏል። እኔን ወንዝ ድረስ እየወረደ «አመተ ሥላሴ!» ይለኛል፤ አመተ ማርያም ነኝ ብለውም እስካሁን አልለመደውም። ምን ታደርገዋለህ።

ሁሉም ደስታ ነው እንዳልልህ፣ ምሳ ሰዓት አንዳንዶቹ ከኔ ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከለሚ ከተማ እየመጡ በሰለችን ለጋብቻ ሲጠይቁ የነበሩት ሽማግሌዎችም ከወሬው በኋላ ቀሩ። እሷ ግን «ደግ፣ ድሮም አፍንጫው አላማረኝም» ብላ ሳቀችብኝ። ለተጊዮርጊስ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሱፍ ልትቀበል መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና «እኔም እንቅልፍ የለኝም፣ ያ ሐኪም የት ነው?» አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ።

አሁን ኋላ እነግርሃለሁ ያልኩህን ልንገርህ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንኮበር ትምህርት ቤት ስታስተምር፣ አንድ ወር ሙሉ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተህ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ምግብ ሳመጣልህ «አስቀምጪው» ትላለህ፣ ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። ያኔ ምን እንደሆንክ አልገባኝም፤ አሁን ገብቶኛል፣ በራሴ ደርሷልና። ከትምህርት ቤቱ ሰው ተልኮ ሲመጣ በር ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አባባ «ቆላ ወርዶ ወባ ይዞታል በይ» ብለውኝ ነበር፤ እንዳሉኝ አልኩ። ሰውዬው ግን ደግ ሰው ነበር። «መቼ ይመለሳል? ቦታውን እንጠብቅለት?» አለኝ። እኔ ውሸቴ እንዳይነቃ ፈራሁና አባባ ያላዘዙኝን ከራሴ ጨመርኩ። አይመለስም፣ እዚያው ሌላ ሥራ ይዟል አልኩት። አንተ ውስጥ ነበርክ፤ በመኻላችሁ የነበረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ወሩ ሳያልቅ ቦታህ ለሌላ ተሰጠ። አንተም «አብዷል ብለው አባረሩኝ» አልክና አገርህን ጥለህ ሄድክ። ጋሼ፣ አላባረሩህም። ሊጠብቁህ ነበር። ቦታህን ያሳጣህ የኔ አፍ ነው። ስምንት ዓመት በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ ደህና ነን እያልኩ ይህን ደበቅሁህ። ማዘጋጃ ቤት ቆሜ ሁለቱን ወረቀት ስይዝ የታየኝ ያ በር ነው፤ እንደገና ወባ ማለት አቃተኝ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ይቅር ማለት ካቃተህም እውነትህን ነው፤ ብቻ እንዳልተባረርክ እወቅ።

እማማ እንደምን አለህ ትልሃለች፤ በርበሬና ድርቆሽ በሰው ልካለች፣ ለብቻህ ብላው፣ አታድል ብላለች። በሰለች እጅ ትነሣለች፤ ድሬዳዋ ቆንጆ ነጋዴ ካለ ንገረኝ ትላለች፣ አትስማት። ወይዘሮ ደመቀች ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። ብርሃነ መስቀልም በባቡር ጣቢያ የሠራተኛ ማኅበር አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል። አባባ ዛሬ ቅዳሜ ለገበያ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ብዕሩን ስጪኝ አሉኝ። ከስሜ በታች ያለው የሳቸው እጅ ነው።

የምትወድህ እኅትህ
አመተ ማርያም ገብረ ሕይወት
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ልጄ ዘርአ ዳዊት፤ ወባ አልነበረም። ታመህ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ እንጂ አንተ የምታፍርበት ነገር አልነበረህም። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። አባትህ ገብረ ሕይወት።